የቆዳ ስፋት

(በተመረቅን በሃያኛው ዓመት፣ በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ስለፈለግሽው ጉዳይ ተናገሪ» ሲሉኝ «ስለ አፍሪካ አገሮች የቆዳ ስፋት እናገራለሁ» አልኳቸው። ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ዶክተር፣ መቼ ነው ደግሞ የቆዳ ሐኪም የሆንሽው?» የሚል ጥያቄ መጣ። አልሆንኩም፤ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ግን ቋንቋችን የአንድን አገር የመሬት መጠን «የቆዳ ስፋት» ብሎ መጥራቱ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲገርመኝ የኖረ ነገር ነው። ዛሬ የማወራችሁም ታሪክ አንዱ ጫፉ እህል በረንዳ፣ ሌላው ጫፉ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። መሐሉ ላይ ካርታ አለ።

በጥያቄ ልጀምር። ከአፍሪካ አገሮች በስፋት አንደኛው ማን ነው? እስቲ እጃችሁን አውጡ።

ሱዳን የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ በተለይ ከፊተኛው ረድፍ። አትፈሩ፣ በተማራችሁበት ጊዜ ልክ ነበራችሁ። ሱዳን 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይዛ አንደኛ ነበረች። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ወደ 1.86 ሚሊዮን ወርዳ ሦስተኛ ሆነች። አሁን አንደኛዋ አልጄሪያ ናት፤ 2,381,741 ካሬ ኪሎ ሜትር። ሁለተኛዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፤ 2,344,858። ልዩነታቸው 36,883 ብቻ ነው። «ብቻ» አልኩ እንጂ ሩዋንዳ በሙሉዋ 26,338 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነች፣ በሁለቱ መካከል ሩዋንዳ ገብታ ትርፍ ቦታ ይቀራል።

ኢትዮጵያስ? አሥረኛ። ይህን ቁጥር ለማወቅ አባቴ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ከፍሎበታል። እሱን ልንገራችሁ።

ያደግሁት መርካቶ ነው፤ እህል በረንዳ። አባቴ እዚያ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ትልቅ ነጋዴ አይደለም፣ አንድ ጠባብ ሱቅና አንድ ሚዛን የነበረው ሰው ነው። እህል በረንዳን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ገና ሳይነጋ ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከሸዋ የመጡ መኪኖች ተደርድረው ይቆማሉ፤ ተሸካሚዎቹ ማዳበሪያ ጆንያ እንደ ቆብ ደፍተው ኩንታሉን በጀርባቸው ያወርዳሉ፤ አየሩ ከላይ እስከ ታች የእህል አቧራ ነው። እናቶች ጥግ ጥጉን ተቀምጠው የፈሰሰውን ጥራጥሬ እየለቀሙ ያበጥራሉ። ዛሬ አስም ያለበት ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት «ከየት ነው የመጣችሁት?» ስላት «ከእህል በረንዳ» ካለችኝ ሌላ ጥያቄ ብዙም አያስፈልገኝም።

አባቴ በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት፣ ገበያተኛ ከመምጣቱ በፊት፣ አንድ የሃያ ኪሎ ብረት ሚዛኑ ላይ ያወጣ ነበር። ሚዛኑ ሃያ ካላለ ያስተካክለዋል። በበዓል ማግሥትም፣ ታሞም፣ እንዲያው ነው። «ሚዛኑን ሳትፈትሺ እህል አትመዝኚ» ይለኝ ነበር። ደግሞ በዓይን መግዛትን አጥብቆ ይጠላል። ጤፍ የሞላ ጆንያና ፉርሽካ የሞላ ጆንያ ጎን ለጎን ቢቆሙ በቁመት አንድ ናቸው፤ ለማንሳት የሞከረ ግን ያውቃቸዋል።

1987 ዓ.ም. ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቅዞ አባቴና ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ሻይ እየጠጡ ስለ ዓባይ ይከራከራሉ። ጎረቤታችን ወጣ ወጣ ያሉ፣ ካይሮንም ያዩ ሰው ነበሩ። ከዓባይ ወደ ግብጽ፣ ከግብጽ ወደ አገር ስፋት ደረሱ። አባቴ «ኢትዮጵያ ትበልጣለች» አለ። ጎረቤታችን «ግብጽ ትበልጣለች፣ ካርታ እይ» አሉ። አባቴ የእኔን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አስመጣና ቁጥሩን አስነበበኝ። ኢትዮጵያ 1,221,900 ይላል። ጎረቤታችን ሳቁ። «ይሄ መጽሐፍ እኮ ያረጀ ነው፤ ኤርትራን ጨምሮ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ መጽሐፋችን ግን አልሰማም።

«እሺ፣ ካርታው ይፍረደን» ተባለ። ውርርዱ አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ። ዳኛዋ እኔ።

የክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር። በእረፍት ሰዓት ዘይት የጠጣ ወረቀት ለጥፌ የሁለቱን አገሮች ቅርጽ በእርሳስ ገለበጥሁና ወደ ሱቅ ይዤ መጣሁ። ስፋት በምን ይለካል? የተጠማዘዘ ቅርጽ ስፋት የማስላት ትምህርት ገና አልደረሰኝም። አባቴ ግን እህል ነጋዴ ነው፤ ጆንያ ፈታና አንድ እፍኝ ድፍን ምስር ሰጠኝ። ቅርጹ ላይ ምስሩን አንድ በአንድ፣ ሳይደራረብና ክፍት ሳይተው ደርድሬ መቁጠር ነበረብኝ። ተሸካሚዎቹ ሥራ ትተው ከበው ቆሙ። ደላሎቹ በእኔ ላይ የራሳቸውን ትንንሽ ውርርድ ጀመሩ።

ግድግዳው ላይ የነበረውም ካርታ እንደ መጽሐፉ ያረጀ ነበር፤ ኤርትራ አልተለየችም። እንዳለ ስቆጥረው ሁለቱ አገሮች እኩል ወጡ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ሁለት ፍሬ ነው። ጎረቤታችን «ቆርጣ ታውጣ» አሉ። ምላጭ መጣ። ከተሰበሰቡት መሐል ከመረብ ማዶ የመጡ፣ በዚያው በረንዳ ስንት ዘመን በርበሬና እህል የነገዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ምላጩን ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ ብቻ «ቀስ ብለሽ ቁረጪ፣ ልጄ» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ብለው መስሎኝ ነበር።

ከተቆረጠ በኋላ ግብጽ በአሥራ ስድስት ፍሬ ምስር አሸነፈች። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። አባቴ ምንም አላለም፤ ኩንታሉን ራሱ መዝኖ ሰጠ። ሚዛኑን በድጋሚ ፈትሾ ነው የመዘነው፤ ለተሸነፈበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አሥረኛ ክፍል፣ የጂኦግራፊ መምህራችን አንድ ብርቱካን ይዘው ገቡ። ልጠው ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ አነጠፉትና «ይሄን ሳትቀዱና ሳትለጥጡ ጠፍጣፋ አድርጉልኝ» አሉን። አይሆንም። ምድር ክብ ናት፣ ወረቀት ደግሞ ዝርግ ነው፤ ካርታ የሚሠራ ሰው ወይ ይቀዳል ወይ ይለጥጣል። ግድግዳችሁ ላይ ያለው የለጠጠው ነው፣ የሠራውም መርካቶር ይባላል አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ግማሾቻችን የመርካቶ ልጆች ነና!

በኋላ ሳነብ ሳቁ ያን ያህል ከንቱ እንዳልነበር አወቅሁ። ጄራርዱስ መርካቶር ያንን ካርታ እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣ የፍላንደርስ ሰው ነው። የቤተሰቡ ስም ክሬመር ነበር፤ ነጋዴ ማለት ነው። እሱ ወደ ላቲን ሲመልሰው መርካቶር ሆነ፤ ይህም ነጋዴ ነው። የእኛ መርካቶ ደግሞ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ሰውዬውን ሌባ አድርገን እንዳናየው። ካርታውን የሠራው ለመርከበኛ ነው። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሲሄድ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ይፈልጋል። ያንን ለማግኘት መርካቶር ከምድር ወገብ እየራቅን ስንሄድ መሬቱን ወደ ጎንም ወደ ላይም እኩል እየለጠጠው ሄደ። በወገቡ ላይ ምንም አይለጠጥም። 28ኛው ዲግሪ ላይ፣ ማለትም በአልጄሪያ መሐል ገደማ፣ ስፋቱ 1.28 እጥፍ ይሆናል። 60ኛው ዲግሪ ላይ አራት እጥፍ። ግሪንላንድ በዚያ ካርታ አፍሪካን ታህላለች፤ በመሬት ግን ግሪንላንድ ወደ 2.17 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ አፍሪካ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን በላይ። አሥራ አራት ግሪንላንድ ይገባታል።

ይሄን የግሪንላንድ ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት፣ ከመርካቶ በታክሲ የሚደረስበት የእኛው ጎረቤት፣ መንግሥታትና ድርጅቶች ይህን ካርታ ትተው ስፋትን በትክክል በሚያሳይ ካርታ እንዲተኩት የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። በምትኩ ከሚጠቀሱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኢኩዋል ኧርዝ የተባለው ነው። ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ንግግሩ ሁሉ አፍሪካን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ስለማወዳደር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ኩንታል ጤፍ ያስከፈለን፣ አፍሪካን ከአፍሪካ ጋር ስናወዳድር የሚደርሰው ነው።

ልብ በሉ። አህጉራችን ከ37ኛው ዲግሪ ሰሜን እስከ 35ኛው ዲግሪ ደቡብ ትዘረጋለች፤ ወገቡ በመሐሏ ያልፋል። ስለዚህ ካርታው ጫፍና ጫፍ ያሉትን ያገዝፋል፣ መሐል ያሉትን እንዳሉ ይተዋል። አልጄሪያና ኮንጎ በእውነቱ መንታ ይመስላሉ፤ ግድግዳው ላይ ግን አልጄሪያ ታላቅ እኅት ናት። ደቡብ አፍሪካ 1,221,037 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፣ ኢትዮጵያ 1,104,300፤ ብልጫዋ ከአሥር አንድ ያህል ነው። በመርካቶር ካርታ ግን ወደ 1.4 እጥፍ ሆና ትታያለች። እግረ መንገዴን፣ ያ ያረጀው መጽሐፋችን የጻፈው 1,221,900 ከደቡብ አፍሪካ በ863 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ከዚያ ላይ የኤርትራን 117,600 ስታነሱ ነው 1,104,300 የሚመጣው። ሌላ መጽሐፍ ብትገልጡ 1,127,127 የሚልም ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ ላሉት አኃዞች ነፍሳችሁን አትስጡ።

ግብጽስ? ግብጽ 1,002,000 ገደማ ናት። ኢትዮጵያ በአንድ መቶ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ትበልጣታለች። ግን ግብጽ መሐልዋ 27ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ካርታው አንድ አራተኛ ያህል ይጨምርላታል። ለእኛ የሚጨምርልን ከመቶ ሦስት አይሞላም። የበላዩና የበታቹ ተገለባበጠ። አሥራ ስድስቷ ምስር ከዚያ ነው የመጣችው። መምህራችን ስፋት የማያዛባ የአፍሪካ ካርታ ያለበት አትላስ አዋሱኝና ቤት ወስጄ እንደገና በምስር ለካሁት። ኢትዮጵያ ከአሥር በአንድ በለጠች።

ሮጬ አባቴ ጋ ሄድኩ። ነገርኩት። ብርቱካን ገዝቼ ሳይቀር አሳየሁት። አባቴ ሰማኝ ሰማኝና «ካርታውን በምን ፈትሸሽው ነበር?» አለኝ። ምን እላለሁ? አልፈተሽኩትማ። ትልቅ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ፣ ልክ ነው ብዬ ነው። የሃያ ኪሎው ብረት ከኋላው ቆሞ ነበር፤ እሱንም አየሁት፣ አባቴንም አየሁት። ከዚያ አብረን ጎረቤታችን ጋ ሄድን። አትላሱን አገላብጠው አዩና በጣም ደስ አላቸው። «ልጅቷ አዋቂ ትሆናለች» ብለው መረቁኝ። ጤፉን ግን «የተበላ ጤፍ በካርታ አይመለስም» አሉ።

እዚህ ላይ የእህል በረንዳ ልጅነቴ ትንሽ ይናገር። አገሮችን በስፋት ስንደረድር ጆንያውን እንጂ ውስጡን አላየንም። ሊቢያ 1.76 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሰባት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት፤ ናይጄሪያ በ923,768 ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ። ሩዋንዳን አርባ ሁለት ጊዜ ብትደረድሯት ኢትዮጵያን አትሞላም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሆኖም ከሊቢያ እጥፍ ገደማ ሕዝብ ትይዛለች። ሲሸልስ ባንዲራና ፕሬዚዳንት ያላት፣ የአፍሪካ ኅብረት ላይ እንደ አልጄሪያ አንድ ወንበር ያላት አገር ናት፤ መሬቷ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባችን 527 ናት። ማላዊ ደግሞ ሐይቋ ሲቆጠርላት ከኤርትራ ትበልጣለች፣ ውሃው ሲቀነስ ታንሳለች። የትኛው ነው ትክክሉ? ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ።

አባቴ ይሄን ሁሉ ስነግረው ጥያቄው አንድ ነበር፦ «በጋሻ ስንት ነው?» አንድ ጋሻ አርባ ሄክታር ያህል ነው ብለን አሰላነው። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን 760 ሺህ ጋሻ ገደማ ወጣች። ያኔ ነው ስፋቱ የገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ካሬ ኪሎ ሜትር ለእሱ የሰው አገር ሚዛን ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ ልሂድ። ይህን ክፍል በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህ ግን ያለነው ሁላችንም ነጭ ገዋን ለብሰን የተንቀጠቀጥን ሰዎች ነን።

ከተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። አንድ ማታ እናት የዓመት ልጇን ታቅፋ ሮጣ ገባች። ማሰሮ ሙሉ የፈላ ውሃ ተደፍቶበታል፤ ጭንቅላቱ፣ ፊቱ፣ አንገቱ፣ አንድ እጁ እስከ ጣቶቹ። ልጁ አሥር ኪሎ ነው። የተቃጠለ ሰው ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያስፈልገው የሚሰላው በተቃጠለው የቆዳ ስፋት ነው። ሐኪም ላልሆናችሁት እንግዶቻችን፦ ክብደቱን በአራት፣ ከዚያ በተቃጠለው የቆዳ መቶኛ ታባዛላችሁ፤ የሚወጣው በሚሊ ሊትር ነው፣ ግማሹም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ይገባል። መቶኛውን የምናውቀው ከካርታ ነው። አዎ፣ የሰው ገላ ካርታ አለው። ከፊትና ከኋላ የተሳለ ሰው፣ በየክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት፤ ጭንቅላት 9፣ አንድ እጅ 9፣ አንድ እግር 18።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል እሱ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ጭንቅላት 9፣ እጅ 9፣ ድምሩ 18። አራት ጊዜ አሥር ጊዜ አሥራ ስምንት፤ 720 ሚሊ ሊትር። ከዕለት ፍላጎቱ ጋር ደምሬ አዘዝኩና ወደ ሌላ ታካሚ ዞርኩ። ሌሊቱ ሥራ የበዛበት ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ዕድሜዋ የገፋ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ክንዴን ያዘችኝ። «ዶክተር፣ የልጁ ሽንት ቀንሷል» አለች። አብረን ሄድን። እኔ ስለ ኩላሊት ማሰብ ጀመርኩ። እሷ ግድግዳውን በአገጯ አሳየችኝ። «ያ ሥዕል እኮ የትልቅ ሰው ነው» አለች። «ይሄን ልጅ እየው። ጭንቅላቱ ምን ያህል ነው?»

አየሁት። የዓመት ልጅ ጭንቅላትና አንገት ከገላው 9 እጅ አይደለም፤ 18 ገደማ ነው። እግሩ በዚያው ልክ ያንሳል። ይሄን በክፍል ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ፤ መምህሬም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይቅር ይበሉኝ። በዚያች ሌሊት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አምኜ ነው የቆጠርኩት። 27 መሆን ነበረበት። 1,080 ሚሊ ሊትር። ከሚገባው ፈሳሽ ከሦስት አንዱን ከልክዬው ነበር።

ሲስተር የልጁን ያልተቃጠለ እጅ ዘርግታ «በራሱ መዳፍ ለኪው እስቲ» አለችኝ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የታካሚው መዳፍ ከነጣቶቹ ከራሱ ቆዳ አንድ በመቶ ያህል ነው። የእኔ መዳፍ አይደለም፣ የእሱ። ያቺን ትንሽ መዳፍ በወረቀት ገለበጥናትና ቃጠሎው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ቆጠርን። ያኔ ምስሩ ትዝ አለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እዚያው ቆሜ የአባቴን ድምፅ ሰማሁት፦ «በምን ፈትሸሽው ነበር?»

ፈሳሹን አስተካከልን። ሲነጋጋ ሽንቱ ተመለሰ። ልጁ ብዙ ሳምንት ተኝቶ ወጣ፤ ጠባሳው ግን ፊቱ ላይ ቀርቷል። ጠባሳው ከውሃው ነው፣ ከእኔ ስህተት አይደለም፤ ይሄን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለእናቱ የነገርኳት ግን ሁሉንም ነው። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ሲስተርን እግዜር ይስጥልኝ።» ትክክል ናት።

በማግሥቱ የሥዕሉን ጎን የሕፃናት ሥዕል ጨመርንበት። በእጅ የተሳለ ነው፤ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ነው። ሥዕሉ የማን ነው? ሰንጠረዡ ለየትኛው አገር ልጅ የተሠራ ነው? መጠኑ የተጻፈው በኪሎ ነው ወይስ በዕድሜ? ወጣት ሐኪሞች አብረውኝ ሲዞሩ ይሰለቹኛል፤ «ዶክተር ግድግዳ ታነባለች» ይባላል መሰለኝ። መምህራን ሆናችሁ የቀራችሁት ጓደኞቼ ግን ትረዱኛላችሁ። ተማሪ ከምትነግሩት ይልቅ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን ያምናል። የክፍላችሁን ግድግዳ አንድ ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ቆማችሁ ብታዩት አይከፋም።

ስለ ካርታ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ገጠር የሠራችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። የቆዳ ስፋት የሚለካው ከላይ ወደ ታች፣ ዝርግ እንደሆነ ተደርጎ ነው፤ ገደልና ዳገት አይቆጠርም። ስሜን ተራራ ስር ለክትባት ስንሄድ ካርታችን በሁለቱ ቀበሌዎች መካከል አምስት ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ወርደን ወንዙን ተሻግረን ወጣን። ሙሉ ቀን ፈጀብን፤ በረዶ መያዣው ሣጥን ውስጥ የነበረው በረዶም ቀለጠ። አገራችን እንደ ታጠበ ነጠላ ተወጥራ ብትሰጣ አልጄሪያን የምትደርስባት ይመስለኛል። ይሄ ሳይንስ አይደለም፣ የእግሬ ምስክርነት ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ወደ እህል በረንዳ ልመለስ።

አባቴ አሁን አርጅቷል። ሱቁን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ሚዛኑንም ሸጦታል፣ የሃያ ኪሎውን ብረት ግን አልሸጠም። ቤታችን በር ላይ ተቀምጧል፤ በሩ እንዳይዘጋ ይይዛል። ጎረቤታችን ዐርፈዋል። «ቀስ ብለሽ ቁረጪ» ያሉኝ አዛውንት ደግሞ፣ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከበረንዳው ሄዱ። ሱቃቸውን ሌላ ሰው ያዘው። የት እንደደረሱ ጠይቄ አላገኘሁም። ያንን የተቆረጠ ወረቀት ግን ከነሁለቱ ክፍሉ አትላስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ዘይቱ አሁንም ይሸታል።

ባለፈው ነሐሴ የአፍሪካ ኅብረትን ዜና እንደሰማሁ በዚያው ቅዳሜ አባቴ ጋ ሄድኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። «አባዬ፣ ያ ካርታ ስህተት ነው ብለው የአፍሪካ መንግሥታት ተስማሙልህ እኮ!» አልኩት። ትንሽ ሳብ አድርጌ ነው የነገርኩት፤ ደስ እንዲለው ብዬ ነው።

ሬዲዮውን ዝቅ አደረገ። ደግሜ ነገርኩት። አሰበ አሰበና «ነጭ ጤፍ አሁን ኩንታሉ ስንት ገባ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«የጎረቤታችን ልጅ ሱቁን ይዞታል አይደል?» አለ። «ሂጂና ንገሪው። ወለዱን ትቼለታለሁ።»